በሐበሻ ጥድ ላይ የሚበቅለው ድንክ ተቀጽላ፦ አለያየቱ፣ ጉዳቱና መቆጣጠሪያው

ለልማት ሠራተኞችና ደን ለሚጠብቁ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

ተቀጽላ የሚለውን ስም የማያውቅ ገበሬ የለም። በግራር፣ በብርቱካንና በሌሎችም ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ፣ የዛፉ ያልሆነ ቅጠልና አበባ አውጥቶ ስለሚታይ በቀላሉ ይለያል። ነገር ግን በሐበሻ ጥድ ላይ ብቻ የሚበቅል፣ ቅጠል አለው የማይባል፣ ርዝመቱም ከጣት ብዙ የማይበልጥ ሌላ ዓይነት ተቀጽላ አለ። ይህ ተክል ከሩቅ ሲታይ የጥዱን ቀንበጥ ስለሚመስል በሥሩ የሚያልፍ ሰው አያስተውለውም። ጥዱ ከጫፉ መድረቅ ሲጀምር ደግሞ ድርቅ ነው፣ እርጅና ነው፣ ወይም የመሬቱ መድከም ነው ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል።

ይህን ጥገኛ ተክል በሚመለከት ሁለት ዓይነት ስሕተት ሊፈጸም ይችላል። አንደኛው፣ ተቀጽላውን ባለማወቅ ወይም ችላ በማለት፣ በተያዙ ትላልቅ ዛፎች ሥር አዲስ ጥድ ማብቀል ነው። ሁለተኛው ተቀጽላው ሲታወቅ በድንጋጤ የተያዘውንም ያልተያዘውንም ጥድ አንድ ላይ መቁረጥ ነው። የመጀመሪያው የነገውን ደን ያበላሻል፤ ሁለተኛው የዛሬውን ያጠፋል።

የዚህ ትምህርት ዋና ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። ድንክ ተቀጽላ የሚዛመተው በዝግታና በአጭር ርቀት ነው። ስለሆነም የትኛው ዛፍ በየትኛው ላይ እንደሚያጋባ አስቀድሞ አይቶ፣ ሥራውን በቅደም ተከተል የሚያካሂድ ማኅበር ጥዱን ሳይጨርስ ተቀጽላውን ሊገታ ይችላል።

2. ጥዱን መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል?

የሐበሻ ጥድ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ፣ በአገራችን ከፍተኛ ቦታዎች፣ በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ከፍታ ይበቅላል። በጁኒፐረስ ወገን ካሉት ዛፎች ሁሉ በቁመት ቀደምትነት ካላቸው አንዱ ሲሆን፣ በተስማማው ቦታ እስከ 40 ሜትር ሊደርስ ይችላል። እንጨቱ ምስጥንና ብስባሽን ስለሚቋቋም ለቤት ምሰሶ፣ ለአጥርና ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ከጥንት ጀምሮ ሲመረጥ ኖሯል። የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ፣ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል።

ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚደርስ ተክል አይደለም። ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው አያቆጠቁጥም። ለመጋዝ የሚበቃ ግንድ ለማውጣትም ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት ዛሬ በስሕተት የተቆረጠ ወይም ዛሬ በስሕተት የተበከለ ጥድ የሚተካው በልጅ ልጅ ዘመን ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 የሐበሻ ጥድን ከኮሶ፣ ከዋንዛና ከዝግባ ጋር በልዩ ሁኔታ እንዲጠበቅ ያደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም።

3. ድንክ ተቀጽላ ምን ዓይነት ተክል ነው?

ሳይንሳዊ ስሙ አርሲውቶቢየም ጁኒፐሪ ፕሮሴሬ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1911 ያወጡለት ጣሊያናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኤሚሊዮ ኪዮቬንዳ ናቸው። ከዚያ በኋላ በሜዲትራኒያን አካባቢ ጥድ ላይ ከሚበቅለው ዝርያ ጋር እየተደባለቀ ለረጅም ጊዜ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ እንደገና ታውቋል። በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በኬንያ ይገኛል።

የዚህ ወገን ተቀጽላዎች በብዛት ያሉትና በሰፊው የተጠኑት በሰሜን አሜሪካ ነው። እዚያ ስፕሩስ በሚባሉት ባለ መርፌ ቅጠል ዛፎች፣ በተለይም በጥቁር ስፕሩስ ላይ የሚበቅለው ዝርያ ከፍ ያለ ጉዳት ያደርሳል። ስለ አበቃቀሉና ስለ አዛመቱ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቁጥሮች በአብዛኛው የተገኙት በሰሜን አሜሪካ ዝርያዎች ላይ ከተደረገ ጥናት ነው። የአገራችን ተቀጽላ የዚያው ወገን ስለሆነ ለሥራ መነሻ ያገለግላሉ።

ድንኩን ተቀጽላ ባለ ቅጠል ከሆነው ከተለመደው ተቀጽላ የሚለዩት ነጥቦች እነዚህ ናቸው።

ሀ. ቅጠል፦ የተለመደው ተቀጽላ ሰፋ ያለና ወፍራም ቅጠል አለው። ድንኩ ተቀጽላ ግን ቅጠሉ ወደ ጥቃቅን ቅርፊት ስለተለወጠ፣ የሚታየው ከአንጓ አንጓ የተቀጣጠለ፣ ቢጫ አረንጓዴ ቀንበጥ ብቻ ነው።

ለ. አመጋገብ፦ የተለመደው ተቀጽላ ከዛፉ በዋናነት ውኃና ማዕድን ይወስዳል፤ ምግቡን በአብዛኛው በራሱ ቅጠል ያዘጋጃል። ድንኩ ተቀጽላ ግን ከውኃው ሌላ ዛፉ ለራሱ ያዘጋጀውን ምግብ ጭምር ይመጥጣል። መጠኑ ትንሽ ሆኖ ጉዳቱ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐ. አዛመት፦ የተለመደውን ተቀጽላ ዘር የሚያዛምቱት ፍሬውን የሚበሉ ወፎች ናቸው። ድንኩ ተቀጽላ ዘሩን የሚወረውረው ራሱ ነው።

መ. ተሸካሚ ዛፍ፦ የተለመዱት ተቀጽላዎች ብዙ ዓይነት ዛፎችን ይይዛሉ። የአገራችን ድንክ ተቀጽላ የሚታወቅበት ተሸካሚ ዛፍ የሐበሻ ጥድ ብቻ ነው። ወደ ወይራ፣ ወደ ባሕር ዛፍ፣ ወደ ቡና ወይም ወደ ሰብል አይተላለፍም።

4. የሕይወት ዑደቱ

መቆጣጠሪያው የሚመነጨው ከሕይወት ዑደቱ ስለሆነ፣ ይህን ክፍል የልማት ሠራተኛው በሚገባ ሊያጠናው ይገባል።

ድንክ ተቀጽላ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ነው። ሴቴዋ አብባ ፍሬ ስትይዝ እያንዳንዱ ፍሬ አንድ ዘር ብቻ ይይዛል። ፍሬው ሲበስል በውስጡ የውኃ ግፊት ይጠራቀማል። በመጨረሻም ፍሬው ከእንብርቱ ሲላቀቅ ዘሩ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይፈናጠራል። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ20 ሜትር በላይ ይሆናል። ሆኖም ዘሩ በጣም ትንሽ ስለሆነ አየሩ ቶሎ ይገታዋል። አብዛኛው ዘር የሚያርፈው ከ10 ሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ ነው። ከፍ ካለ ዛፍ ጫፍ የተወረወረ ዘር እስከ 15 ሜትር ገደማ ሊሄድ ይችላል።

ዘሩ የሚያጣብቅ ዝልግልግ ሽፋን ስላለው ያረፈበትን ቅጠል ይዞ ይቆያል። ዝናብ ሲያርሰው ዝልግልጉ ይላላና ዘሩ ተንሸራቶ ወደ ቀንበጡ ቅርፊት ይወርዳል። ብዙው ዘር በዚህ ጊዜ መሬት ወድቆ ይጠፋል። በለጋ ቀንበጥ ላይ የቀረው ግን በቅሎ፣ ትንሿን ሥሩን በቅርፊቱ ላይ አስደግፎ ወደ ውስጥ ይሰርጻል። የተቀጽላው ሥር ወደ ሕይወት የሚገባው ቅርፊቱ ቀጭን በሆነ ለጋ ቀንበጥ በኩል ነው፤ የትልቅ ግንድ ወፍራም ቅርፊት አያስገባውም።

ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ ለሠራተኛው አስቸጋሪው ነው። ተቀጽላው ከ2 እስከ 4 ዓመት ያህል በቅርፊቱ ውስጥ ተደብቆ ያድጋል። በውጭ የሚታየው ምልክት ቢኖር የቀንበጡ ማበጥ ብቻ ነው። ከዚያ አረንጓዴው ቀንበጥ ቅርፊቱን ፈልቅቆ ይወጣል፤ ቀጥሎ ያብባል፤ ያፈራል። ዘር ካረፈበት ቀን አንሥቶ አዲስ ዘር እስኪወረወር ድረስ ከ4 እስከ 6 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ከዚህ ሦስት ትምህርቶች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ ዘሩ የሚወረወረው በአብዛኛው ወደ ጎንና ወደ ታች ስለሆነ፣ ከላይ ያለ የተያዘ ዛፍ ከሥሩ ላሉት ለጋ ዛፎች ሁሉ የዘር ምንጭ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ በአንድ ዙር የሚሸፈነው ርቀት አጭር፣ በዙሮች መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ ረጅም ስለሆነ፣ የተያዘው ክፍል ድንበር በአማካይ በዓመት ከ1 ሜትር ብዙም አይሰፋም። ለሥራ በቂ ጊዜ አለ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ተቀጽላው ሕይወት ያለው ጥድ ከሌለ መኖር አይችልም። ቅርንጫፉ ሲቆረጥ ወይም ዛፉ ሲሞት አብሮ ይሞታል። በአፈር ውስጥ አይቆይም፤ በጥድ ዘር ውስጥም አይተላለፍም።

አልፎ አልፎ ዘሩ በወፍ ላባ ወይም በእንስሳ ጠጉር ላይ ተጣብቆ ራቅ ወዳለ ቦታ ሊወሰድ ይችላል። በጤናማ ደን መካከል አንድ ብቸኛ የተያዘ ዛፍ ሲገኝ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

5. የሚያደርሰው ጉዳት

በጥቂት ቅርንጫፍ ላይ ብቻ የተያዘ ዛፍ ለብዙ ዓመታት ደኅና ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ጉዳቱ የሚታየው ከቅርንጫፎቹ ግማሽ ያህሉ ሲያዙ ነው። የዛፉ ውፍረትና ቁመት ይቀንሳል፤ የሚሰጠው ዘር ያንሳል፤ በታመሙት ቅርንጫፎች ሥር እንጨቱ ያብጣል፣ ጕጥም ይበዛበታል። በመጨረሻ ምግቡ ሁሉ በታችኞቹ የተያዙ ቅርንጫፎች ስለሚቀር ዛፉ ከጫፉ መድረቅ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ድርቅ ከመጣ ወይም ግንድ ሰርሳሪ ነፍሳት ከገቡበት ይሞታል።

በጥቁር ስፕሩስ ላይ ተቀጽላው የያዘው ቅርንጫፍ እንደ መጥረጊያ ተጠቅጥቆ ስለሚያድግ ከሩቅ ይታያል። በሐበሻ ጥድ ላይ ግን ይህን ምልክት መጠበቅ አያስፈልግም። የሚፈለገው ያበጠ ቅርንጫፍና በእብጠቱ ላይ የተሰበሰበ አንጓ ያለው ቀንበጥ ነው።

ትልቁ ጉዳት በሽማግሌ ዛፎች ላይ የሚታየው ሳይሆን በለጋዎቹ ላይ የሚደርሰው ነው። ገና በልጅነቱ የተያዘ ጥድ ቀጥ ያለ ግንድ ሳያወጣ ጎብጦና ቀጭጮ ይቀራል።

6. ከሌሎች ችግሮች ጋር እንዳይምታታ

ጥድ ሲደርቅ ሁሉ ጥፋተኛው ተቀጽላ ነው ማለት አይደለም። በሰሜን ኢትዮጵያ በደስአ ደን የጥድና የወይራ ዛፎች በስፋት መድረቃቸው ይታወቃል፤ ተቀጽላው ግን ወይራን ስለማይይዝ፣ ሁለቱ ዛፎች አብረው ሲደርቁ ምክንያቱን በሌላ መፈለግ ይገባል። ስለሆነም ከፍርድ በፊት የሚከተሉትን መለየት ያስፈልጋል።

ሀ. ሽበት፦ በደጋ ጥድ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጠልጥሎ የሚታየው ግራጫ አረንጓዴ ነገር ጥገኛ አይደለም። ሥሩን ወደ ዛፉ አያስገባም፤ በእጅ ሲጎትቱት በቀላሉ ይላቀቃል፤ ከሥሩም እብጠት የለም።

ለ. የልብ ብስባሽ፦ በግንዱ ላይ እንደ ሰኮና የወጣ ጠንካራ እንጉዳይ ከታየ፣ ችግሩ የእንጨቱን እምብርት የሚያበሰብስ ሻጋታ ነው። መቆጣጠሪያውም ሌላ ነው።

ሐ. ድርቅና የሥር ጉዳት፦ ዛፉ በሁሉም ጎኑ በእኩል ከደረቀና በቅርንጫፎቹ ላይ እብጠትም ቀንበጥም ካልተገኘ፣ ምክንያቱን በአፈሩ፣ በእንስሳት ርግጫ ወይም በውኃ እጥረት መፈለግ ይገባል።

መ. ባለ ቅጠል ተቀጽላ፦ ሰፊ ቅጠል ካለው ድንኩ አይደለም። እርሱን ቅርንጫፉን በመቁረጥ ብቻ ማስወገድ ይቻላል።

ጥርጣሬ ሲኖር አንድ ያበጠ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ቦታውንና ቀኑን ጽፎ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ወደ ምርምር ማዕከል መላክ ይቻላል።

7. የጉዳቱን መጠን በደረጃ መለካት

"ተይዟል" ወይም "አልተያዘም" ብሎ መመዝገብ ለውሳኔ አይበቃም። አሜሪካዊው የደን ተመራማሪ ፍራንክ ሃክስዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተሙት ባለ 6 ደረጃ መለኪያ ቀላል ስለሆነ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል የማኅበር አባል ሁሉ በአንድ ቀን ሊለማመደው ይችላል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

ሀ. ዛፉ ሕያው ቅርንጫፍ ማውጣት ከሚጀምርበት እስከ ጫፉ ያለውን ክፍል በዓይን ከሦስት እኩል ይክፈሉ፦ ታች፣ መካከልና ላይ።

ለ. ለእያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ይስጡ። የተያዘ ቅርንጫፍ ከሌለ 0፤ ከቅርንጫፎቹ ግማሽ ወይም ከዚያ ያነሱት ከተያዙ 1፤ ከግማሽ በላይ ከተያዙ 2።

ሐ. ሦስቱን ቁጥሮች ይደምሩ። ድምሩ የዛፉ ደረጃ ነው፤ ከ0 እስከ 6 ይሆናል።

በሚመለከቱበት ጊዜ ፀሐይን ወደ ኋላ አድርገው፣ ዛፉን ዙሪያውን ይዙሩ። የሩቅ ማሳያ መነጽር ካለ ለላይኛው ክፍል ይጠቅማል። ተቀጽላው ከወደቀ በኋላም በእብጠቱ ላይ ትናንሽ ጽዋ የመሰሉ ጠባሳዎች ስለሚቀሩ እነርሱም ይቆጠራሉ።

ለምሳሌ አንድ ማኅበር በአንድ ክልል 40 ዛፎችን ለካ እንበል። ከእነዚህ 22ቱ ደረጃ 0፣ 8ቱ ደረጃ 1 ወይም 2፣ 6ቱ ደረጃ 3 ወይም 4፣ 4ቱ ደረጃ 5 ወይም 6 ሆኑ። ከ40ው ዛፍ 18ቱ ተይዘዋል ማለት ነው። ይህን ብቻ የሰማ ሰው ደኑ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ቀረው ይላል። ነገር ግን ወዲያው አሳሳቢ የሆኑት 4ቱ ናቸው። ከ4ቱም መካከል ሁለቱ በለጋ ጥድ መካከል፣ ሁለቱ ደግሞ በወይራ መካከል ለብቻቸው ቆመው ከተገኙ፣ የመጀመሪያው ሥራ የሚያርፈው በሁለት ዛፎች ላይ ብቻ ነው። ደረጃው ስለ ዛፉ ጤንነት ይነግረናል፤ አቋቋሙ ደግሞ ስለሚያጋባው አደጋ ይነግረናል። ውሳኔ የሚሰጠው ሁለቱን አንድ ላይ በማየት ነው።

8. መቆጣጠሪያ፦ የሥራው ቅደም ተከተል

በአሜሪካ የሚኒሶታ ክፍለ ግዛት የተያዘ ጥቁር ስፕሩስ ሲቆረጥ፣ ቁመቱ ከ5 ጫማ ማለትም ከ1.5 ሜትር ያህል በላይ የሆነው ስፕሩስ በሙሉ እንዲወገድ ይመከራል። ሕያው ዛፍ ካልቀረ ተቀጽላም ስለማይቀር ዘዴው ለዚያ አገር ይሠራል። ስፕሩሱ ሰፊ ደን ነው፤ ለወረቀት ሥራ ይቆረጣል፤ መልሶም ይበቅላል። የእኛ ጥድ ግን የቀረው በጥቂት ቦታ ስለሆነ ይህን ዘዴ እንዳለ መቅዳት አይገባም። ለእኛ የሚስማማው የሚከተለው ነው።

ሀ. አስቀድሞ ማየትና መመዝገብ። ደኑን በክፍል ከፋፍሎ ዛፎቹን በደረጃ መለካትና የተያዙትን ቦታዎች በንድፍ ላይ ማመልከት። የተያዘው ክፍል ድንበር ከመጨረሻው የታመመ ዛፍ 15 ሜትር ያህል አልፎ ይቆጠራል፤ በዚያ መካከል ተደብቆ ያለ ሊኖር ይችላልና።

ለ. ከላይ መጀመር። በለጋ ጥዶች ላይ የቆሙት ደረጃ 5ና 6 የሆኑ ዛፎች ቅድሚያ ያገኛሉ። ለጋዎቹ 1 ሜትር ቁመት ሳይሞሉ ወይም 10 ዓመት ሳይሆናቸው የላይኛው የዘር ምንጭ ቢወገድ፣ አብዛኞቹ ሳይያዙ ይተርፋሉ። ትንሽ ችግኝ ለዘሩ ጠባብ ዒላማ ሲሆን፣ ሲያድግ ግን የሚያርፍበት ዘር ይበዛል። ይህን ጊዜ ማሳለፍ ትልቅ ኪሳራ ነው። ማንኛውም ጥድ ከመቆረጡ በፊት ግን ከሚመለከተው የደን ወይም የግብርና ጽሕፈት ቤት የጽሑፍ ፈቃድ መገኘት አለበት።

ሐ. ቅርንጫፍ መግረዝ። ደረጃቸው ከ1 እስከ 3 የሆኑና የተያዙት በታችኛው ግማሽ ብቻ የሆኑ ዛፎች በመግረዝ ሊድኑ ይችላሉ። የተያዘው ቅርንጫፍ ከግንዱ ሥር ይቆረጣል። ተደብቆ ያለ እንዳይቀር ከመጨረሻው የታመመ ቅርንጫፍ በላይ ያሉት ጥቂት ቅርንጫፎችም አብረው ይነሣሉ። ከተገረዘ በኋላ ከዛፉ ቁመት ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ሕያው ቅርንጫፍ ይዞ መቅረት አለበት። ይህን ማሟላት የማይችል ዛፍ መግረዝ ድካም ብቻ ነው።

ለመግረዝ መጋዝ እንጂ ገጀራ አይመረጥም። መጀመሪያ ከበታች ጥቂት ይጋዛል፤ ከዚያ ከላይ ይጨረሳል። እንዲህ ካልተደረገ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ይልጠዋል፤ በቁስሉም ብስባሽ ይገባል። እብጠቱ ወደ ግንዱ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ያህል የተጠጋ ከሆነ ተቀጽላው ወደ ግንዱ ሳያልፍ አልቀረም። እንዲህ ያለው ዛፍ ምልክት ተደርጎበት በየጊዜው ይታያል።

መ. ለጋዎቹን መምረጥ። ጥድ በሚሳሳበት ጊዜ ደካማና የታመሙት በቅድሚያ ይነቀላሉ። ጤነኛና ቀጥ ያሉት ይተዋሉ።

ሠ. መከላከያ ቀጠና። በተያዘውና በጤናማው ክፍል መካከል ከ15 እስከ 20 ሜትር ስፋት ያለው፣ ጥድ ያልሆነ ዛፍ የሚተከልበት ቀጠና ማበጀት ይጠቅማል። ወይራ የጥድ ነባር ጎረቤት ስለሆነ ለዚህ ተስማሚ ነው። እንደ ከፍታውና እንደ ዝናቡ ሁኔታ ኮሶ፣ ዝግባ ወይም ጥቁር እንጨት መትከልም ይቻላል።

ረ. ችግኝ ጣቢያ። የጥድ ችግኝ በተያዘ ዛፍ ሥር ወይም አጠገብ አይፈላም። በተያዘ ዛፍ ሥር በራሱ የበቀለ ችግኝም ተነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ አይተከልም። ዘር መልቀም ግን ከጤነኛና ከጠንካራ ዛፎች እስከሆነ ድረስ ተቀጽላውን አያስተላልፍም።

ሰ. ተመልሶ ማየት። በአንድ ጊዜ ሥራ የሚያልቅ ነገር የለም። በቅርፊት ውስጥ ተደብቆ የነበረው በ2 ወይም በ3 ዓመት ውስጥ ብቅ ይላል። ስለዚህ በ3ኛው ዓመት ደኑ እንደገና ይታያል፤ የተገኘው ይገረዛል። ተቀጽላው ለማፍራት ከ4 ዓመት በላይ ስለሚፈልግ በየ3 ዓመቱ የሚመለስ ማኅበር ሁልጊዜ ይቀድመዋል።

9. የማይጠቅሙ አሠራሮች

የተቀጽላውን ቀንበጥ በእጅ መልቀም ወይም በእንጨት ማራገፍ ለአንድ ሁለት ዓመት ፍሬውን ያስቀር እንደሆነ እንጂ ተክሉን አይገድልም። ሥሩ በቅርፊቱ ውስጥ ስላለ እንደገና ያቆጠቁጣል። ኤተፎን የተባለው ኬሚካል በውጭ አገር ተሞክሮ ቀንበጡን ቢያራግፍም ሥሩን አልገደለም። ስለሆነም ለኬሚካል ገንዘብ ማውጣት አይመከርም። በደኑ ውስጥ እሳት መልቀቅም አይገባም፤ ጥድ ለእሳት ደካማ ነው።

የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ማቃጠል አስፈላጊ አይደለም። ተቀጽላው ከቅርንጫፉ ጋር ይሞታል። ቅርንጫፉ እስኪደርቅ ድረስ ከችግኝ ራቅ ብሎ ከተከመረ በኋላ ለማገዶ ወይም ለአጥር ይውላል። ከተያዘ ዛፍ የተገኘ ግንድም እብጠት ከሌለበት ለሥራ ይሆናል።

10. በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ያሉ ጥዶች

በብዙ ወረዳዎች የተረፉት ትላልቅ ጥዶች በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ያሉት ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች መቁረጥ የሚለው ቃል በመጀመሪያው ቀን መነሣት የለበትም። የልማት ሠራተኛው ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተቀምጦ፣ ተቀጽላውን በዓይን እንዲያዩት አድርጎ፣ ሥራውንም በመግረዝና በዙሪያው ወይራ በመትከል መጀመር ይኖርበታል። ለብቻው የቆመ ሽማግሌ ጥድ በሥሩ ለጋ ጥድ እስካልበቀለ ድረስ ለማንም አደጋ አይሆንም። አዲስ ጥድ የሚተከለው ከእርሱ 20 ሜትር ያህል ርቆ ከሆነ፣ ሽማግሌው ዛፍ ዕድሜውን ይጨርሳል፤ ልጁም በጤና ያድጋል።

ተቀጽላው ራሱ የአገሪቱ ነባር ተክል መሆኑ አይዘነጋ። ዓላማው ፈጽሞ ማጥፋት ሳይሆን፣ በሚተካው ደን ላይ እንዳይሠለጥን መግታት ነው።

11. ማጠቃለያ

ድንክ ተቀጽላ ዝግተኛ ጠላት ነው። የማይታይ ስለሆነ ያዘናጋል፤ ሲታይም ያስደነግጣል። ለሁለቱም መድኃኒቱ ቀና ብሎ ማየት፣ በደረጃ መለካትና ከላይ ወደ ታች መሥራት ነው። በተያዘ ጥድ ሥር ጥድ አይተከል፤ ለጋዎቹ 1 ሜትር ሳይሞሉ የዘር ምንጩ ይወገድ ወይም ይገረዝ፤ በየ3 ዓመቱም ተመልሶ ይታይ። እነዚህን ሦስት ነገሮች የፈጸመ ማኅበር ለሚመጣው ትውልድ ቀጥ ያለ ጥድ ያወርሳል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ድንኩ ተቀጽላ ከተለመደው ተቀጽላ በምን በምን ይለያል?

2. የተቀጽላውን ቀንበጥ በእጅ መልቀም ለምን አይበቃም?

3. አንድ ጥድ በታችኛው ክፍል 2፣ በመካከለኛው 1፣ በላይኛው 0 አግኝቷል። ደረጃው ስንት ነው? ከመገረዙ በፊትስ ምን መታየት አለበት?

4. ደረጃ 6 የሆነ ጥድ በወይራ መካከል ለብቻው ቆሟል። ደረጃ 4 የሆነ ሌላ ጥድ በ50 ለጋ ጥዶች መካከል ቆሟል። ቅድሚያ የሚሰጠው ለየትኛው ነው?

5. በማኅበራችሁ ክልል ባለፉት ዓመታት ጥድ የተተከለባቸው ቦታዎች ከላይ ምን ዓይነት ዛፍ አላቸው? ሄዳችሁ አይታችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ አስረዱ።

መልስ፦ ለ3ኛው ጥያቄ፣ ደረጃው 3 ነው። የመካከለኛው ክፍል የተያዙ ቅርንጫፎች ከዛፉ ሕያው ክፍል ታችኛው ግማሽ እንዳላለፉ፣ ከተገረዘም በኋላ ከቁመቱ አንድ ሦስተኛው ሕያው ቅርንጫፍ እንደሚቀረው መታየት አለበት። ለ4ኛው ጥያቄ፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ደረጃ 4 ለሆነው ነው፤ በሥሩ የሚያጋባባቸው ለጋ ዛፎች አሉና።